የሸራ ቦርሳዎቼና የቀፊራ ምራቂ

ባሌ ያንን ቃል የተናገረው የተላጠ ጉልበቴን አዮዲን እየቀባልኝ ነው። "ሌላ ቀን ከወደቅሽ ወላሂ እሸጠዋለሁ" አለኝ። ብስክሌቱን ማለቱ ነው። ብስክሌቱ የሱ ነበር። ገዝቶት አንድ ሰሞን ሲንጎማለልበት ከረመና ግቢያችን ጥግ ላይ የልብስ ማስጫ አደረገው። አቧራውን አራግፌ፣ ጎማውን አስነፍቼ መንዳት የጀመርኩት እኔ ነኝ። አንድ የሥራ ባልደረባው ደግሞ ካልገዛሁት እያለ ይወተውተው ስለነበር ዛቻው የዋዛ አልነበረም። በአንድ ስልክ ያልቃል።

ጥፋቱ ግን የብስክሌቱ አልነበረም፣ የፌስታሎቹ ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቢሮውም ሱቁም ይዘጋል። ሰው ቤቱ ገብቶ ይበላል፣ ጋደም ይላል፣ ሙቀቱ ሲበርድለት ወደ ሥራው ይመለሳል። የኔ ቢሮ መጋላ ነው፣ ቤቴ ሳቢያን። በዚያ ሰዓት ደግሞ ከተማው በሙሉ ባጃጅ ይፈልጋል። አብራን የምትኖረው አማቴ ስኳር አለባት፣ ምሳዋ ከሰዓቱ ማለፍ የለበትም። አንድ ቀን ባጃጅ ስጠብቅ ቆይቼ ቤት ስደርስ እጇ እየተንቀጠቀጠ አገኘኋት። ብስክሌቱን ከጥጉ ያወጣሁት በማግስቱ ነው።

ለአማቴ ብዬ ጀመርኩት፣ የቀጠልኩት ግን ለራሴ ነው። ከዚራ ሰፈር ስገባ የዛፎቹ ጥላ ፊቴ ላይ ሲያርፍ፣ ወበቁ ሲቀንስ፣ ባጃጆቹን ጥዬ ሳልፍ ደስታው ልቤን ጭልጥ ያደርገው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ምን ይላል የሚለውን ያኔውኑ ትቼዋለሁ። ድሬ እንደሆነ ሳቀብህም አልሳቀብህ ማታውን ይረሳሃል።

ችግሩ ቀፊራ ነው። ከቢሮ ስወጣ ገበያው መንገዴ ላይ ስለሆነ የምሳውን አትክልት እገዛና ፌስታሎቹን መሪው ላይ አንጠልጥዬ እነዳ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ፌስታል ከፊት ጎማው ሽቦዎች ጋር ተጠላለፈ። እኔ ወደ አንድ ጎን፣ ቲማቲሙ ወደ ሌላ ጎን። ተሰልፈው የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ደንግጠው ወርደው አነሱኝ፣ ደህና መሆኔን ሲያዩ ደግሞ ጀመሩኝ። "አቦ እህቴ፣ ሱጎውን እቤት ብትሠሪው ምናለ!" አለ አንዱ። ቲማቲሜን እየለቀምኩ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

ከባሌ ዛቻ በኋላ መጀመሪያ የሞከርኩት በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ነበር። በዚያ ሙቀት ድንች አዝሎ ፔዳል መምታት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ሳቢያን ስደርስ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣ ድንቹም ግማሽ የተቀቀለ መስሎኝ ነበር። ጭነቱን መሸከም ያለበት ብስክሌቱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። ከኋላው የመጫኛ ብረት ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ጥንድ ቦርሳ ያስፈልገኛል።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ታይዋን ገበያ አንድ የጫማና የቦርሳ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሶማሌ ነው፣ ሰፊ ሽርጥ ያገለደመ፣ ተጫዋች ሰው። በመጀመሪያ ያወረደልኝ ከውጭ የመጣ የሚያብረቀርቅ ጥንድ ነበር። ዋጋውን ስሰማ "ብስክሌቱንም ጨምረህ ነው?" አልኩት። ሳቀና ረከስ ያለውን አወረደ። ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ አበባ የታተመበት፣ በዚፕ የሚዘጋ። ሲያዩት ያምራል። እኔ ግን ካልሞከርኩ አልገዛም አልኩ።

"አባዮ፣ ቦርሳ እንዴት ይሞከራል? ጫማ ነው እንዴ?" አለኝ። እነሱ እህታቸውን አባዮ ነው የሚሏት።

ብስክሌቱን ሱቁ መሀል አቆምኩት። ቦርሳዎቹን አንጠለጠልኩና ከመደርደሪያው ጫማ እያወረድኩ ሞላኋቸው። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጥቼ፣ እሱን መሪውን አስይዤ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዞርኩት። ተረከዜ ቦርሳውን ጓ! አደረገው። ደግሜ አዞርኩ፣ ደግሞ ጓ! ቦርሳው ሲበዛ ወደ ፊት ይመጣል። በዚህ ብሄድ እስከ ሳቢያን ከበሮ እየመታሁ መድረሴ ነው። ዚፑም አልጣመኝም። የድሬ አሸዋ የገባበት ዚፕ መልሶ እንደማይከፈት የልጆቼ የትምህርት ቤት ቦርሳ አስተምሮኛል።

ሦስተኛው ከላይ ተሰቅሎ፣ አቧራ ለብሶ ነበር። ከከባድ መኪና ሸራ የተሰፋ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ በሰፊ ክዳንና በማሰሪያ የሚዘጋ ጥንድ ቦርሳ። ለዓይን አይሞላም። ግን የታችኛው ጥጉ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ተረከዜን አልነካውም። ወደ ጎማው የሚዞረው ጎኑ ውስጥ ደረቅ ካርቶን ስለገባበት ወደ ሽቦዎቹ አይለምጥም። ስፌቱን ጎተትኩ፣ ማሰሪያውን ጎተትኩ፣ ጫማውን ሁሉ ሞልቼ ሱቁ በር ድረስ ገፋሁት፣ መለስኩት። ሱቁ በተመልካች ተሞላ።

"አባዮ፣ ቦርሳ ነው የምትገዢው ወይስ ለወንድምሽ ሙሽራ እየመረጥሽ ነው?" አለ ባለሱቁ ላቡን እየጠረገ።

"ሙሽራማ ብትሆን እንዲህ አልለፋም ነበር!" አልኩት። ዋጋውን ተጨቃጨቅን፣ ተኳረፍን፣ ታረቅን፣ ከሦስቱ በጣም ርካሹን ይዤ ወጣሁ። የዚያን ቀን እንደ ጀግና ነው የተራመድኩት።

ጀግንነቴ እስከ ደቻቱ ድልድይ ብቻ ቆየ። በማግስቱ ቀፊራ ገብቼ ድንቹን በቀኝ፣ ሽንኩርቱን በግራ እኩል አድርጌ ጫንኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ብስክሌቱ ወደ ቀኝ ይስበኝ ጀመር። መሪውን ባቀናው አልቀና አለኝ፣ ተወላገድኩ፣ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጡሩምባውን ለቀቀው። በስንት መከራ እግሬን መሬት አስነክቼ ቆምኩ። አልወደቅኩም። ትንሽ ብዘነበል ኖሮ ብስክሌቱን ዳግመኛ አላየውም ነበር። ባለሱቁንም፣ ቦርሳውን የሰፋውንም፣ ሸራውንም አንድ በአንድ ረገምኳቸውና የቀኙን ክዳን ፈታሁት።

ከድንቹ ላይ ያልገዛሁት ነገር ተቆልሏል። ሁለት ማንጎ፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ አንድ እፍኝ ቃሪያ፣ አንድ ትልቅ ፓፓያ። ምራቂዬ ነው! ቀፊራ ገብቶ ሳይመረቅለት የሚወጣ ሰው የለም። ደንበኛዬ የሆነችው ኦሮሞ ባልቴት ሒሳቧን ከተቀበለች በኋላ መጨመር ትወዳለች፣ እኔም ካልጨመረችልኝ አልንቀሳቀስም። ያን ቀንም እንደ ልማዴ "መርቂልኝ እንጂ!" ብዬ ጮኼባታለሁ። እሷም በተቀመጠችበት ለእጇ የሚቀርባት ቀኙ ስለሆነ ምራቂውን ሁሉ እዚያው ከታዋለች። ድልድዩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጌ ቦርሳ መርጬ በገዛ ስስቴ ልፈነገል!

ምራቂ እምቢ ማለት አይቻልም፣ ሴትየዋን መስደብ ነው። መተውም አልፈልግም፣ ይህን ያህል አልሞኝም። ስለዚህ በማግስቱ ቀኙን ከመረቀችልኝ በኋላ ብስክሌቱን አዞርኩና ግራውን ቦርሳ አፍንጫዋ ሥር አቀረብኩላት። "ለዚህኛውም እኩል መርቂለት፣ አለዚያ መንገድ ላይ ይጥለኛል" አልኳት።

"ያ ኢንተላ!" አለች፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። "ብስክሌትሽም ምራቂ ትበላለች?" ጎረቤቶቿን ጠርታ እስክትነግራቸው ድረስ ሳቀች። ግን መረቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀፊራ ሁለት ምራቂ የሚወስድ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ብስክሌቱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ባሌ ግን አላመነኝም። የጀልዴሳ ዘመዶቹ ለምሳ የመጡ ቀን ሀብሀቡን እኔው ራሴ አመጣለሁ ብሎ ወጣ። ከቢሮ ወጥቼ ቀፊራ በር ስደርስ ሁለት ትልልቅ ሀብሀብ እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ሲጣራ አገኘሁት። ሁሉም ሙሉ ነው። አጠገቡ ቆምኩና ሁለቱን ክዳኖች ፈታሁ።

"ተይ አቦ፣ ትወድቂያለሽ" አለ።

"አምጣው" አልኩት። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስገባሁ፣ ማሰሪያዎቹን ጠበቅ አድርጌ ወጣሁ። ደቻቱን ተሻገርኩ፣ የከዚራን ጥላ ሰነጠቅሁት፣ ደረቴ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አማቴ ምሳዋን በሰዓቷ በላች። እንግዶቹም በሉ፣ ሀብሀቡም ተቆረጠ። ባሌ በሩ ላይ ብቅ ሲል ሳህኖቹ ላይ የቀረው ቅርፊትና ፍሬ ብቻ ነበር።

"ልጄ፣ ከየት ነው የምትመጣው? ከጅቡቲ?" አለችው እናቱ። ዘመዶቹ በሳቅ ወደቁ። እሱ ግቢው ጥግ ወደ ቆመው ብስክሌትና ባዶ ወደሆኑት ቦርሳዎች ሄደ፣ አንዱን ማሰሪያ ፈታው፣ መልሶ አሰረው። ስልኩ የጮኸው እዚያው እንደቆመ ነው። ድምፁ እስከ ውጭ የሚሰማ ስልክ ስለሆነ ደዋዩ ማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ያ ባልደረባው ነው፣ ስለ ብስክሌቱ ምን ወሰንክ ይለዋል። እጄ ላይ የያዝኩትን ቢላ ሳላስቀምጥ ጠበቅሁ።

ባሌ ወደኔ ዞረና ዓይን ዓይኔን እያየ መለሰለት።

"እኔ የሚሸጥ ብስክሌት የለኝም ወንድሜ። እዚህ ቤት ብስክሌት ያላት ሚስቴ ናት።"