አባቷን ብቻ የምትፈልገው እህቴ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩበት። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልጠፋም። አንዲት የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ እናቷን ትታ አባቷን ወደደች፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ አለ። አንባቢ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ቢለኝ አልፈርድበትም። ቢሆንም ያን ጊዜ በቤታችን የነበረው ጭንቀት እውነተኛ ስለነበር፣ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው እሞክራለሁ።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነው። አባቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ሲያገኝ ይሠራል፣ ሲያጣ ቤት ይውላል። እናቴ ደግሞ መሪ አካባቢ የአንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ስለሆነች ከቤት የምትወጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ስለዚህ ታናሽ እህቴን ገላዋን የሚያጥባት፣ የሚያበላትና የሚያስተኛት አባቴ ነው። እሁድ ጠዋት ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እንጦጦ ይዟት ይወጣል። ውሎዋ ከእሱ ጋር በመሆኑ ንግግሯም የእሱን ይመስላል። እኔ እናቴን «እማዬ» ስላት፣ እሷ አባቴ እንደሚጠራት በስሟ ነበር የምትጠራት። እኛን ያስቀን ነበር እንጂ ማንንም አላስከፋም።

በ2016 ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባቴ አርባ ምንጭ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ እስከ ሰኔ የሚቆይ ሥራ አገኘ። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ጊዜ ጠብቆ እንዳጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እህቴ እንዳታለቅስ ብሎ ተኝታ ሳለ ሄደ። ያ ሳይሻል አይቀርም ብሎ ነው፤ ግን አልተሻለም።

እናቴ የሥራ ሰዓቷን አስቀንሳ ልጇን ልትይዝ ተዘጋጀች። ልጇ ግን አልተያዘችላትም። ጉርሻ ስታቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ውኃ ስታሞቅላት አልጋ ሥር ትገባለች። «አባቢ ነው የሚያጥበኝ።» «አባቢ ነው ጫማ የሚያደርግልኝ።» እናቴ አቅፋ ስታነሳት ደግሞ አትታገልም፤ ዝም ብላ እንጨት ትሆናለች። እኔን ከልቅሶው በላይ ያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ትቀልድ ነበር። «በገዛ ቤቴ ተከራይ ሆንኩ እኮ» ትላለች። ጎረቤታችን ግን ቀልዱን አላወቀችላትም።

«ሴት ልጅ አባቷን መውደዷ ያለ ነው» አለቻት አንድ ቀን። «የዚችስ በዛ። ዓይን እንዳይሆን፣ እንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ውሰጃት።»

እናቴ ሳቀች። በነጋታው እሁድ ግን ወደ እንጦጦ ይዛን ወጣች። ልታዝላት አንቀልባውን ስታዘጋጅ፣ እህቴ «አንቺ ትጥይኛለሽ» አለቻት። ያን ሁሉ ዳገት የእኔን እጅ ይዛ በእግሯ ወጣች፤ እናቴ አንቀልባውን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላችን ተከተለች። ራጉኤል ስንደርስ እናቴ ግንባሯን የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አድርጋ ቆመች። በጣም ስለቆየች ልጠራት ፈለግሁ፤ ግን አልደፈርኩም።

ስንመለስ፣ ከባሕር ዛፎቹ መሐል ቆም ብላ፣ «እስከ ፋሲካ አያለሁ» አለችኝ። «ካልሆነ ሥራውን ትቶ ይምጣ። ልጄ እኔን ስትሸሽ እያየሁ ሌላ ወር አልችልም።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ለፈተና ማጥናት ሲገባኝ የማስበው ስለዚህ ብቻ ሆነ። አባቴ ሥራውን ጥሎ ቢመጣ ሌላ ያገኛል ወይ? ባይመጣስ እናቴ ምን ትሆናለች? እህቴን ብቻዋን ሳገኛት በብስኩት ላባብላት ሞከርኩ። «እማዬን ሳሚያት፣ እሺ?» ስላት ብስኩቱን በልታ፣ «አንቺ ሳሚያት» አለችኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። እናቴ እኛን መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ትታን ሥራ ዋለች፤ አመሻሽ ላይ ልትወስደን መጣች። ጊዜ ለመቆጠብ የወጥ ቤት ጋዋኗን ሳታወልቅ ሹራብ ደርባበት ነበር። እህቴ አልነሳም አለች። አክስቴ ሰልችቷት፣ «ተነሺ! ወደ አባቢ ነው የምትሄዱት» አለቻት። እህቴ ዘላ ተነሳች። እናቴ ውሸቱን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን ስለመሸ ሳታርም ይዛን ወጣች።

ታክሲ ውስጥ እናቴ እህቴን ጭኗ ላይ አድርጋ መሐል ተቀመጠች፣ እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ ተጣበቅሁ። እህቴ ደስ ብሏት ረዳቱን፣ «አባቢ ጋ ስንደርስ ንገረኝ እሺ» አለችው።

«አባቢ የሚባል ፌርማታ የለንም ቆንጆ» አለ ረዳቱ። «እኛ መገናኛ ነን።»

ታክሲው በጩኸት ተሞላ። «አባቢ ጋ ውሰዱኝ! ልቀቂኝ! አልፈልግሽም!» እያለች ከእናቴ እጅ ለመውጣት ተወራጨች። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ ጎንበስ ብላ፣ «ማሚዬ፣ ይቺ ማናት?» ብላ ጠየቀቻት።

እህቴ የእናቴን ስም ተናገረች።

«ምንሽ ናት?»

«ምግብ ትሠራለች።»

ሴትዮዋ ጋዋኑን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሌሎቹን አየች። ከፊት አንድ ወጣት ዞረ። «ሠራተኛ ናት ማለት ነው! ረዳት፣ በሩን እንዳትከፍት።»

«እናቷ ነኝ» አለች እናቴ።

«እናቷን በስሟ ትጠራለች?»

«እህቷ ነኝ! እናታችን ናት!» ብዬ ከኋላ ጮኽኩ።

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? እስካሁን የት ነበርሽ?» አለኝ ወጣቱ።

እናቴ መታወቂያዋን አወጣች፤ መታወቂያ ላይ ልጅ አይጻፍም። አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። «ፖሊስ ያለበት አቁም» አሉት ሾፌሩን። ሴትዮዋ እህቴን ከእናቴ ጭን ላይ ወሰደቻት፤ ይባስ ብሎ እህቴ አንገቷን አቅፋ ሄደችላት። እናቴ አልተከራከረችም። ባዶ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ፖሊስ ያስራታል ብዬ አልነበረም፤ «እውነታችሁን ነው፣ የእኔ አይደለችም» የምትል መሰለኝ።

እህቴ ማልቀሷን አላቆመችም፤ ንፍጧ ከንፈሯ ላይ ወርዷል። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ልትጠርግላት ስትል ፊቷን ወዲያ አዞረች። እንደገና ሞከረች፤ በክርኗ ገፋቻት። እናቴ፣ ሳታስብበት ይመስለኛል፣ የሹራቧን እጅጌ ስባ አፍንጫዋ ላይ ያዘችላትና በተቆጣ ድምፅ፣ «ተናፈጪ!» አለቻት።

እህቴ ዓይኗን ጨፍና በኃይል ተናፈጠች። «ድገሚ።» ደገመች። ከዚያ ካቆመችበት ቀጥላ፣ «አባቢዬ!» ብላ ማልቀስ።

ታክሲው ውስጥ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «በባዳ እጅጌ የሚናፈጥ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስጧት ልጇን» አሉ።

ሴትዮዋ እህቴን መለሰችላት። «ይቅርታ እህቴ፣ ዘመኑ ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አለች እናቴ። «ብሰርቃትስ ኖሮ?»

ማታ የአባቴ ስልክ ሲሠራ እናቴ ራሷ ደወለችለት። አጠገቧ ነበርኩ። «እንዳትመጣ» አለችው።

«ለመደችሽ እንዴ?»

«አልለመደችኝም። ዛሬ በሕዝብ ፊት አልፈልግሽም ብላኛለች። አንተ ሥራህን ጨርስ።»

ምን እንደተለወጠ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ብቻ ከዚያ ወዲህ መለመኗን ተወች። እህቴ ፊቷን ስታዞር፣ «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። አልጋ ሥር ስትገባ እግሯን ይዛ ጎትታ ታወጣታለች። እህቴ እንጨት መሆኗ ቀርቶ መጮህና መራገጥ ጀመረች፤ ቤታችን ተረበሸ። እኔ ግን እያጠናሁ ያንን ረብሻ ስሰማ ይቀለኝ ነበር። የሆነ ሆኖ አባቴ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እፈራ ነበር። እናቴ ያን ሁሉ ደክማ፣ እንደገና ተገፍታ ብትቀር?

አባቴ ሥራውን ጨርሶ በጠዋት መጣ። እህቴ በሩ ላይ አየችው፤ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ እናቴን አልፋ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ አባቴን ትቼ የእናቴን ፊት ነበር የማየው። እናቴ ሻንጣውን ተቀብላ፣ «በል ተረከበኝ፣ ወገቤን ቆርጣዋለች» አለችና አልጋዋ ላይ ወጥታ ተኛች። እውነተኛ እንቅልፍ ነበር፤ ታንኮራፋ ነበር። አባቴ ስለ መንገዱ ጮክ ብሎ ሲያወራኝ እህቴ አፉን በእጇ ያዘችው።

«አትጩህ፣ ተኝታለች» አለችው።

ከዚያ በኋላ እናቴ በዚህ ነገር ስትጨነቅ አላየኋትም፣ እኔም ተውኩት። አባቴ የመጣበት ቀን ቅዳሜ፣ ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።