ጫማ ሰፊ ያደረገኝ እግር

መጀመሪያ ያሳከከኝ የግራ እግሬ ጣቶች መሀል ነው። ከጤፍ አረም ተመልሼ ነበር። ጭቃውን ታጥቤ አረፍ ስል ማሳከኩ ወደ ማቃጠል ተለወጠና ፍም ላይ ያቆሙኝ መሰለኝ። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁበት። ሲያድር ተወኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ተመለሰ፤ በዓመቱ የእግሬ ጀርባ አበጠ፣ ጣቶቼም ወፈሩ። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አፈሩ ቀይ ነው። ጫማ የሚባል ነገር እግሬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር።

እብጠቱ እየቆየ ወደ ላይ ወጣ። ቁርጭምጭሚቴ ጠፋ። ቆዳዬ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻከረ፤ በጣቶቼ መሀል እየተሰነጠቀ ፈሳሽ ያወጣ ጀመር። ሽታ ነበረው። ገበያ መውጣት ተውኩ። ማኅበር ላይ ጽዋው ለእኔ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ከጠጣ በኋላ ሆነ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ዝም ብለው ብቻ ራቅ ይሉ ነበር።

የባሰው በልጄ መጣ። እንጉዳይ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች ቀሩ። ምክንያቱን የነገረን የለም። ግን እናውቀዋለን። የእናትየዋ እግር ነው። ልጄ እንጨት ልልቀም ብላ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

በዚያው ሰሞን ሕመሙ ተነሣብኝ። ብሽሽቴ ላይ እጢ ወጣ። ትኩሳቱ አንቀጠቀጠኝ። እግሬ ጋለ። ጨርቅ ሲነካው እጮሃለሁ። ሞትን ለመንኩ።

ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደብ የጀመሩበት ጊዜ ነበር። የእኛዋ ትርንጎ ትባላለች። ሕፃናት ልትከትብ ስትዞር መታመሜን ሰምታ ገባች።

«እትዬ የሻረግ፣ እስቲ እግርዎን ልየው።»

«ይኼ የሚታይ እግር አይደለም፣ ልጄ። ተይኝ።»

ባለቤቴ አንማው ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። «ግለጭላት» አለኝ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ገለጥኩላት። ትርንጎ ተንበርክካ አየችው። አፍንጫዋን አልያዘችም። ከዚያ ተነሥታ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሷት አለችው። አንማው በበቅሎ ጭኖ ቡሬ አደረሰኝ፤ ከዚያ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እግሬን በነጠላዬ ሸፍኜ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ሐኪሙ ከጣቴ ደም አስወሰደና መረመረ። ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላው የእግር እብጠት፣ ፊላሪያሲስ፣ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ነው አለኝ። ውጤቱን አይቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ይህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የቀይ አፈሩ ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር በኩል ይገባና በሰውነታችን ውስጥ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ይጎዳቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል።»

«ልጆቼስ?» አልኩት። ከሁሉ በፊት የመጣልኝ እሱ ነው።

«አፈሩን የማይችል ቆዳ በቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጫማ ካደረጉና እግራቸውን ከታጠቡ አይይዛቸውም።»

«የእኔስ ይድናል?»

«ጨርሶ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ግን ይቀንሳል፤ ትኩሳቱም እየራቀ ይሄዳል። አሁን የማዝዝልዎ መድኃኒት ለቁስሉ ነው። የዕድሜ ልክ መድኃኒትዎ ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ ነው።»

ተናደድኩ። ያን ያህል ዓመት ያቃጠለኝ ነገር በሳሙና? ነርሷ ግን ሳፋ አቅርባ እግሬን ውሃ ውስጥ አስገባችና በእጇ ታጥበኝ ጀመር፤ ጣት በጣት፣ ስንጥቅ በስንጥቅ። ከእኔ በቀር እግሬን የነካው ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። እሷም ማጠቧን ቀጠለች።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ በየቀኑ ታጥቤ፣ ነርሷ በለካችልኝ መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ዘፍዝፌ፣ በጣቶቼ መሀል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ ቫዝሊን ቀብቼ፣ ፋሻውን ከጣቴ ወደ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ስቀመጥ እግሬን ከፍ አድርጌ እውል ጀመር። ሽታው ቀድሞ ጠፋ። ከዚያ ስንጥቁ ገጠመ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ጠፍቶ የነበረው ቁርጭምጭሚቴ ብቅ ሲል እንጉዳይን ጠርቼ አሳየኋትና ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

የቀረኝ ጫማ ነበር። የገበያው ሁሉ ለእግሬ ይጠበኛል። ትርንጎ ቡሬ ውስጥ የእግር ሕሙማን ራሳቸው ሰፋ ያለ ጫማ የሚሰፉበት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። ልኬን ላስወስድ ሄድኩ። አሠልጣኙ አያ ታደሰ እሱም እንደ እኔው ታሞ የተሻለው ሰው ነው።

«እታለም» አለኝ ልኬን ወስዶ ሲጨርስ፣ «እኛ ዘንድ የአንድ ሰው ቦታ አለ። መስፋቱን ለምን አትማሪም?»

ልቤ ደነገጠ። በእኛ አገር ቆዳ የሚሠራ ሰው ፋቂ ይባላል፤ ሲያልፍ ይታማል፣ ጋብቻም ይነፈጋል። ክፉ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ያደግሁበት ነው። በዚያ ላይ የአራሽ ልጅ ነኝ፣ ከሞፈርና ከወፍጮ በቀር መሣሪያ አላውቅም። ልጄን አንዴ በእግሬ ትዳር አሳጥቻታለሁ፤ አሁን ደግሞ በእጄ? እሺም እንቢም ሳልል ወጣሁ። በሳምንቱ ጫማዬን ልወስድ ስሄድ ከበሩ ደርሼ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቼ፣ ጫማውንም ሳልወስድ ተመለስኩ። በሽታው እንኳ እንዲያ አላስፈራኝም።

ለቤተሰቤ ነገርኳቸው። አማቴ «ከእብጠቱስ ፋቂነቱ ይብሳል» አሉ። አንማው መሬት መሬቱን አየ። የመለሰችው እንጉዳይ ናት።

«እማዬ፣ በእግርሽ ምክንያት የቀሩ ሰዎች በእጅሽ ምክንያት ደግመው አይቀሩም። ሂጂ።»

አንማው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በማግሥቱ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን ቆዳውን ከመስመሩ ውጭ ቆረጥኩት። አያ ታደሰ አነሣና አየው። «ይኼ ለማሰሪያ ይሆናል። ሌላ ቁረጪ» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። ስለዚያች ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ቀስ በቀስ ፎርማ የሚሉትን የእግር ቅርጽ እንጨት ቆዳ ማልበስ፣ ማስቲሽ መቀባት፣ ሶሉን መስፋት ለመድኩ። መንደሩ እንደፈራሁት ሐሜት ጀመረ፤ አንዳንዱ ሰላምታ ነሣኝ። ግን ሐሜት እንደ ትኩሳቱ አልጋ ላይ አልጣለኝም። እያሙኝ በልቼ አደርኩ፣ እያሙኝ ሠራሁ።

አንድ ቀን ከፈረስ ቤት ከተማ ወገን አንድ ሽማግሌ መጡ። ጫማ አምጪ ይላሉ፤ ልክ ልውሰድ ስላቸው ግን እግራቸውን ከጋቢያቸው ስር አያወጡም።

«በዓይንሽ ገምተሽ ስፊው» አሉኝ።

«አባቴ፣ በግምት የተሰፋ ያቆስልዎታል።»

«ለሴት ልጅ የሚታይ አይደለም።»

ወንበሬን ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥኩና የራሴን ጫማ አወለቅሁ። ካልሲዬንም አወጣሁ። ብዙ ቆይተው እግሬን አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጡ። ልካቸውን ወሰድኩ፤ አስቀድሜም አጠብኳቸው። ሲሄዱ መርቀውኝ ሄዱ፤ ምርቃታቸውን እዚህ ለመጻፍ አፍራለሁ፣ በዝቶብኝ ነው።

እንጉዳይ ዛሬ ባለትዳር ናት። ልጆቿ መራመድ ሲጀምሩ የመጀመሪያ ጫማቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አማቴም ቆይተው «ለእኔስ?» አሉና ሰፋሁላቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን። ትርንጎን፣ ሐኪሙን፣ ስሟን ሳልጠይቃት የቀረሁትን ነርስ፣ አያ ታደሰንና አንማውን አመሰግናለሁ።

እንደ እኔ የምትታመሙ፣ ጠበሉን ተጠመቁ፤ ጤና ጣቢያውንም አትተዉ። ትኩሳትና የብሽሽት እጢ ሲመጣ ቤት አትዋሉ፤ ሂዱ። ማሳከክ ብቻ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ አሁኑኑ ጫማ አድርጉ። መጀመር ያስፈራል፤ እኔም ከበር ተመልሻለሁ። ከበር የተመለሰ ሰው ግን መንገዱን ያውቀዋል፤ ነገ ደግሞ ይሂድ። እግራችሁን ስትታጠቡም ጓዳ አትግቡ። በቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰው እያያችሁ ታጠቡ፤ ከሚያዩአችሁ መሀል እግሩን የደበቀ አይጠፋም።