የኋላ ኮፈን ያላት ሎይድ

ስሟን "ፍሬቻ" ብለው ያወጡላት መካኒኮች ናቸው። ልትሳደብ ስትል ግራ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ ስለሚል፣ ነገር የገባው ደንበኛ አስቀድሞ ዞር ይላል። በመለዋወጫ ሱቋ ባንኮኒ ጀርባ አርባ ዓመት ቆማለች። የተሰበረ መብራትም ሆነ የበር እጀታ ቁራጭ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ከነዘመዶቹ ትነግራችኋለች። የድሮ መኪና ፎቶ ያላቸው ሰዎች ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ይመጡባታል።

ለፎቶ የራሷ ሥርዓት አላት። መጀመሪያ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች በካርቶን ቁራጭ ትሸፍናለች። ፊታቸውንና ልብሳቸውን ስታይ መኪናው ያመልጥሃል ባይ ናት። ደግሞም ሰው ይዋሻል፣ ላሜራ አይዋሽም ትላለች።

አንድ ጠዋት የእህቷ ልጅ ፎቶ ይዛ መጣች። የእናቷን ቁም ሳጥን ስታጸዳ ከተነጠፈው ወረቀት ሥር ያገኘችው ነው። ፎቶው ላይ ከአንዲት መኪና ጋር ያሉት ሰውዬ አያቷ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶ ታውቃቸዋለች። አሳድጋ ልታሳትመው አስባ የመኪናውን ስም ፈለገች።

ፍሬቻ አባቷን አይታ አታውቅም። እናቷ እርጉዝ ሳለች ለሥራ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ እሷ ሳትወለድ እዚያው ሞተ ተብላ ነው ያደገችው። ሁለት ዓመት ሲሞላት እናቷም አረፈች። ያሳደገቻት ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው እህቷ ናት። የጎረቤት ሴቶች "እግረ ደረቅ፣ አባቷን በሆድ ሆና የበላች" ሲሏት፣ እህቷ ድንጋይ አንስታ ታባርራቸው ነበር። ፍሬቻ በዚህ ዓለም ያለ ጥርጥር የምታምነው ሰው ማን ነው ብትባል ሌላ ስም አትጠራም።

ከልማዷ የተነሳ የአባቷንም ፊት በካርቶኑ ሸፈነችው። መኪናዋ ትንሽና ድቡልቡል ናት። ሎይድ ናት አለች፤ ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ ብረት ሲያጥራቸው በእንጨትና በሰው ሠራሽ ቆዳ የጀመሯት። ይቺኛዋ ግን ብረት ለብሳለች። ከዚያ ወደ ኋላዋ ስታይ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ አንድ እጅም ሻንጣ እያስገባበት ነው። ግራ ዓይኗ ብልጭ ማለት ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ሎይዶች ሻንጣ የሚጫነው ከውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ከውጭ የሚከፈት የኋላ ኮፈን ያላት ሎይድ አሌክሳንደር የምትባለው ናት። ወረቀቱ የወየበውን ካታሎግ አውርዳ ዓመቱን አየች። አሌክሳንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋብሪካ ስትወጣ ፍሬቻ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ካርቶኑን አነሳችው። አባቷ ሻንጣውን እንደያዘ ይታያል። ከኋላው ያለው በር እህቷ ዛሬም የምትኖርበት፣ እሷ ያደገችበት ቤት በር ነው። የሞተ ሰው ሻንጣ አይጭንም።

ሱቁን በእኩለ ቀን ዘግታ ሄደች። እህቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ካልሲ ትጠቅማለች። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አደረገችላት። እህቷ "ገና ሳትወለጂ የተነሳው ነው" አለቻት። ፍሬቻም ስለ ኮፈኑ፣ ስለ ካታሎጉ፣ ስለ ዓመቱ ለደንበኛ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ አስረዳቻት። እህቷ መነጽሯን አወለቀች።

"እማዬ ከሞተች በኋላ መጣ" አለች። "አዲስ ሚስት ይዞ። አንቺን ሊወስድ። እኔን 'አንቺማ ደርሰሻል' አለኝ። ከአንቺ ሌላ ማን ነበረኝ?"

"እና ምን አልሽው እትዬ?"

"ሞታለች አልኩት።"

እንደሚመጣ ቀድሞ በደብዳቤ ስላሳወቀ ሕፃኗን ፍሬቻን በማለዳ ሌላ ሰፈር ልካት ነበር። ፎቶውን ያነሳችው ሚስትየው ናት፤ ጎረቤቱ ከገበያ ሳይመለስ ሄደዋል። በኋላ በፖስታ ላከው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ፍሬቻን የጣለቻት ግን እናትም አባትም የሆነቻት እህቷ ናት። ተከድታለች፤ ሌላ ስም የለውም። በሕይወት ባለ አባት እግረ ደረቅ ተብላ አድጋለች። እህቷም ያን ሁሉ ድንጋይ ስታነሳ እውነቱን ታውቅ ነበር። ግራ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ አለ፤ ከአፏ የወጣው ግን ጥያቄ ነው።

"መቃብሯን አሳዪኝ አላለሽም?" ስትል ጠየቀች።

"ብሏል።"

"የማንን አሳየሽው?"

እህቷ ካልሲውን አጣጠፈችው። "የእማዬን። አብራት ናት አልኩት። ተንበርክኮ አለቀሰልሽ።"

በየዓመቱ፣ እናታቸው ባረፈችበት ቀን፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄደው ያን መቃብር ሲያርሙ ኖረዋል። እህቷ አንድም ቀን እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።