በሹራቡ ላይ የቀረው መስመር

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀሚስ ስለካ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ገባ። እዚያው ቆሜ በሐሳቤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ የአባቴ በረንዳ ላይ ተገኘሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። በደርግ ጊዜ ነው፤ የጤና ረዳትነት እማር ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ። ፈተናው ላይ የአካል ክፍሎቹን እንድንጽፍለት የተሳለው ሰውዬ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል፤ እኔ በራሴ ቀኝና ግራ ጻፍኩለት። ጉበቱን ሳይቀር ግራ ወሰድኩበት። መምህሩ፣ «ከደገምሽው ትሰናበቻለሽ» አለኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ። «ኮት ስሰፋ ቀኙ የኔ ነው የለባሹ?»

«የለባሹ።»

«የታማሚሽም እንዲያው ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲጨርሱ እሳቸው ሥዕሌ ሆኑ። ጥቁር ሹራባቸውን ለብሰው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። «አባዬ፣ መዳፍዎን ወደ ፊት ያዙሩ፤ መጽሐፉ እንዲያ ይላል» ስላቸው፣ «ዱዓ ላደርግ ነው?» እያሉ ያዞራሉ። በጠመኔ አሰምርባቸዋለሁ። ከአንገት ቁልቁል የወረደው ቀኝና ግራን፣ በጎን ስፌቱ የሄደው ፊትና ጀርባን፣ ወገብ የዞረው ላይና ታችን ይለያል። የየመስመሩን የሕክምና ስም ስነግራቸው፣ «ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆርጠው ስሙን አላውቅም» ይሉ ነበር።

ካለፍኩ በዕጣ ሩቅ አገር እንደምመደብ፣ ከወደቅሁ ከእሳቸው ጋር እንደምቀር ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን፣ «ብወድቅስ?» አልኳቸው። ጠመኔውን ተቀብለውኝ የተጣመመውን መስመሬን ሆዳቸው ላይ ራሳቸው አቃኑት።

«አብሽሪ፣ ታልፊያለሽ» አሉ፤ ፊቴን ግን አላዩም።

አለፍኩ። ዕጣዬ ጋሞ ጎፋ ወጣ። አባቴ እስከ ኮምቦልቻ አብረውኝ ወረዱ። በዚያ ሙቀት ሹራቡን አላወለቁትም፤ የመሃሉን መስመርም አላራገፉትም። አውቶቡሱ ሲነሳ እጃቸውን አላውለበለቡልኝም። ቀጥ ብለው ቆመው ሁለቱንም መዳፋቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ፣ «አባትሽ ዱዓ እያደረጉልሽ ነው» አሉኝ። አይደለም ለማለት ፈለግሁ፤ ዕንባዬ ቀደመኝ።

ሁለተኛ አላየኋቸውም። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ሹራብ ማን እንደወሰደው፣ መስመሩ ለቆ እንደሆነ፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም።