እርሾ የጠፋበት ዳቦ ጋጋሪና የእኔ ሽማግሌዎች

ስለ ፊልሙ አስቀድሜ ላስረዳ፤ እሱ ግልጽ ካልሆነ ቀጥሎ የመጣው ነገር ሁሉ የእብድ ሥራ ይመስላል።

አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ አለ። አንድ ጠዋት ሲነሳ የእርሾ ማሰሮው ከቦታው የለም። ምድጃውን ከፍቶ ሲያይ ውስጡ እሳት ሳይሆን ሌላ አገር ነው፤ የቪዲዮ ጌም አገር። ዛፉም፣ ደመናውም፣ ዶሮውም ከትንንሽ ካሬዎች የተገጣጠሙ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን እንዳገለደመ፣ የእንጨት ማማሰያውን ይዞ ዘው ይላል። እርሾው ያለው ከመጨረሻው በር ጀርባ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ በሮች አሉ፤ በየበሩ ደግሞ ጭራቅ ቆሟል። ጭራቁ ከመታው ዳቦ ጋጋሪው ብን ብሎ ይጠፋና፣ ድስት ራሱ ላይ እንደተደፋ፣ በጥሩምባ ታጅቦ መጀመሪያው በር ላይ ዱብ ይላል። ከዚያ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው።

ይህ ፊልም ድንቅ ነው። ለምን ድንቅ እንደሆነ ለተማሪዎቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ አንድ ጊዜም ለባጃጅ ሹፌር አስረድቻለሁ። የሠሩት ሰዎች ጌም እንደሚያውቁ ያስታውቃል። ጌም ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚያውቅ የመንደር ሰው አለ፤ እዚህም አለ። መንገድ ብትጠይቁት «ዛሬ ነፋስ አለ» ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ጨዋ ስለሆነ የሰውዬውን እናት ጤንነት ይጠይቃል፤ «ዛሬ ነፋስ አለ»። ደግሞም ጌም ውስጥ ተጫዋቹ የሰው ቤት ገብቶ እንስራ ይሰብራል፣ ከውስጡ ወርቅ ያወጣል፣ የቤቱ ባለቤት ዝም ብሎ ያያል። እኛም ስንጫወት ይህ ነውር እንደሆነ ትዝ ብሎን አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪው ግን እንስራ ሲሰብር ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያም ጭራቁ እያሳደደው ቁጭ ብሎ ስብርባሪውን በሊጥ ያጣብቃል። እዚህ ቦታ ላይ መሳቅ የማይችል ሰው ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

እኔ ግን እስክታመም ነበር የምስቀው። ሶዶ ውስጥ አይሲቲ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ሰርቪስ ቤት ነው። ማታ ፈተና አርሜ ስጨርስ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ያንን ፊልም አየዋለሁ። ማዳመጫው የፊልሙን ድምፅ ለእኔ ብቻ ያስቀርልኛል። የእኔን ድምፅ ግን አያስቀርም፤ ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የአከራዮቼን ልጅ ወደድኩ። ነርስ ናት፣ ቁም ነገረኛ ናት፣ ቀልድ ስትናገር ፊቷ አይንቀሳቀስም። እሷም እሺ አለችኝ፤ ይህን እስካሁን ማስረዳት አልቻልኩም። የቀረው አባቷን በሽማግሌ መጠየቅ ነበር።

ሽማግሌዎቼን በጥንቃቄ መረጥኩ። አንደኛው ከቤሌ የሚመጣው አጎቴ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን አንጋፋ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሦስተኛው ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብራቸው ስልጤው የጅምላ ነጋዴ ናቸው። አጎቴ ዋዜማውን በአውቶቡስ መጥቶ እኔ ዘንድ አደረ። ጠዋት ሁለቱ መጡና ቤቴ ተሰባስበን ሻይ ጠጣን፣ የሚባለውን በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። ከዚያ ሦስቱም ጋቢያቸውን አስተካክለው ከእኔ በር ወጡ፣ በልብስ መስጫው ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ፣ የትልቁን ቤት በር አንኳኩ።

አባቷ ከፍተው አዩአቸው፤ ከጀርባቸው ደግሞ የእኔን የተከፈተ በር አዩ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉ።

አጎቴ ለጉዳይ እንደመጡ በአክብሮት ተናገረ።

«ከግቢዬ ወደ ግቢዬ? ሽማግሌ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከበር ጀምሩ።»

ሽማግሌዎቹ ከግቢ ወጥተው የውጭውን በር አንኳኩ። አባቷ ከፈቱላቸው፣ አንድ በአንድ ሰላም አሏቸው፣ ለዛሬ መምጣታቸውን እንዳዩና ሌላ ቀን እንዲመለሱ ነግረው በሩን ዘጉ። እኔ ይህን ሁሉ በመስኮት አየሁ። የጥሩምባው ሙዚቃ ብቻ ነበር የጎደለው።

ሁለተኛው ጊዜ በሥርዓቱ በውጭው በር ገቡ፤ ቁጭ አሉ፤ ጠየቁ። መልሱ «እናስብበት፤ የሚቀጥለው እሑድ ኑ» ሆነ። ይህ የተለመደ ስለሆነ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት እሷ ከሥራ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆማ እውነተኛውን ምክንያት ስትነግረኝ ነው።

«አባዬ ጤንነትህን ተጠራጥሯል» አለች።

«የቱን ጤንነቴን?»

«የጭንቅላትህን። ቲቸር ማታ ማታ ብቻውን ይስቃል፤ ከሱ ጋር ማንም የለም፣ ድምፅ አይሰማም፣ እሱ ግን ይስቃል፤ ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው ሰጥቼ እንቅልፍ አይወስደኝም ነው የሚለው።»

ፊልም እንደሆነ ልትነግራቸው ሞክራ ነበር። ሰውን እንደዚያ የሚያስቅ ፊልም የለም ብለዋታል። እሑድ ደግሞ መልሱ እምቢ ከሆነ በእኛ ወግ አለቀ ማለት ነው፤ ሽማግሌ መመላለስ የሚችለው ቁርጥ መልስ እስኪነገረው ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለኝ አማራጭ አንድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙን በፍላሽ ይዤ ትልቁ ቤት ገባሁና፣ እንደ ተከራይ፣ የሚያስቀኝን ነገር ላሳያቸው ፈቃድ ጠየቅሁ። አባቷ ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ ቴሌቪዥኑን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

አባቷ ትልቁ ወንበር ላይ፣ እናቷ ምድጃው በሚታያቸው በኩል፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ለማስረዳት እንዲመቸኝ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆምኩ።

«የጠፋበት እርሾ ነው?» አሉ እናቷ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ጎረቤት የለውም?»

ጎረቤት እርሾ ከሰጠው ፊልሙ እዚያው እንደሚያልቅ አስረዳሁ። እናቷ ቢያልቅ ምን ችግር እንዳለው ጠየቁ። ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩና ዳቦ ጋጋሪው ሰባት ነፍስ እንዳለው ነገርኳቸው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን የተነገራቸው ለአንድ ሰው አንድ እንደሆነ፣ ስድስቱን ከየት እንዳመጣ ጠየቁ። ልጃቸው ከኋላ ስታስል ሰማሁ።

የመንደሩ ሰውዬ ወጥቶ «ዛሬ ነፋስ አለ» ሲል ተረጎምኩላቸው። ሁለተኛ ሲለው ተረጎምኩ። ሦስተኛ ሲለው አባቷ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉ። «የቤቴን ካርታ ላወጣ የሄድኩበት ቢሮ ነው የሚሠራው።»

ከዚያ የመጀመሪያው ጭራቅ ብቅ አለ፤ ዳቦ ጋጋሪውን በአንድ ጥፊ አበነነው። ጥሩምባው ተነፋ፤ ድስቱ ተደፋ።

«ማነው እሱ?»

«ጭራቁ ነው፣ ጋሼ። በሩን ይጠብቃል።»

«በሩ የማነው?»

«የ... የጭራቁ።»

«ታዲያ ልክ ነዋ። የሰው በር ላይ ማማሰያ ይዞ ይመጣል?»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ከዳቦ ጋጋሪው ጎን ይቆማል፤ ፊልሙ የተሠራው ለዚያ ነው። አባቷ ግን ከጭራቁ ጎን ቆሙ። ዳቦ ጋጋሪው በወደቀ ቁጥር «ከበር ጀምር» ይሉት ጀመር። መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በእርካታ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ሳቃቸው መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ። የእንስራው ቦታ ሲደርስ፣ ዳቦ ጋጋሪው በሊጥ ሲያጣብቅ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ወንበሩን በመዳፋቸው ይመቱ ነበር። እናቷ የባላቸውን ፊት እንጂ ቴሌቪዥኑን ማየት ትተዋል። እኔ እንስራ መስበር በጌም ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ለማስረዳት አፌን ስከፍት አባቷ እጃቸውን አነሱ።

«ቲቸር፣ ቁጭ በል። ልይበት።»

ቁጭ አልኩ።

የመጨረሻው በር ላይ ደረስን። ጭራቁ ቤት ያክላል። ለዳቦ ጋጋሪው የቀረችው አንዲት ነፍስ ናት። ማማሰያውን ከፍ አደረገ፤ መብራት ጠፋ።

ሶዶ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው አይደነቅም፤ የዚያን ቀን ግን አባቷ ተነስተው የጠቆረውን ቴሌቪዥን በጣታቸው ነካኩት።

«መታው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄውልዎት ምን ይሆናል መሰለዎት...»

«አትንገረኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። መልሱን የማውቀውን ጥያቄ ተጠይቄ ዝም ማለት አልተማርኩም። እናቷ ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅለው ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረቡልን፤ አፌን በዚያ ሞላሁት። አባቷ ግን ነገሩን አልተዉትም። እየበሉ ያስባሉ።

«ስህተቱ ብቻውን መምጣቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሽማግሌ አልላከም።»

«ጌም ውስጥ ሽማግሌ የለም፣ ጋሼ።»

«ለዚህ ነዋ የሚደባደቡት።»

መብራቱ ሳይመጣ መሸ። ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

እሑድ ሽማግሌዎቼ በውጭው በር፣ በሰዓቱ፣ በሥርዓቱ ገቡ። ጠያቂው በቦታው አይገኝምና እኔ ሱፌን ለብሼ ክፍሌ ተቀምጫለሁ። ከትልቁ ቤት ጋር የሚያገናኘን አንድ ግድግዳ ነው፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሰላምታ ተሰማ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ በቤሌ በኩል ስላለው የበቆሎ ሁኔታ ወሬ ተሰማ። ከዚያ የማቀዝቀዣው ሞተር እርር ሲል ሰማሁ፤ መብራት መጥቷል።

ወሬው ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የፊልሙ መክፈቻ ሙዚቃ ነበር።

መጀመሪያ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። ግን እያንዳንዱን ድምፅ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያው ነበር የከፈቱት። አጎቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ አባቷ «የእናንተ ጉዳይ አይጠፋም፤ እኔ ግን ያ ዳቦ ጋጋሪ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳላውቅ አእምሮዬ ከእናንተ ጋር አይሆንም» ብለዋቸዋል። መጨረሻውን ብቻ ቢያዩ ሽማግሌዎቹ አይገባቸውም፤ ስለዚህ ሁሉም ከአንድ ጀመሩ።

አባቷ ያስረዱ ነበር። በወላይትኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለስልጤው ነጋዴ ደግሞ በአማርኛ እየደገሙ። እንደ ማስረዳታቸው ከሆነ ፊልሙ የሚያወራው ቤቱን ስለሚጠብቅ አንድ ምስኪን ጭራቅ ነው። ሰባቱን ነፍስ ዘለሉት። በካሬ የተሠራውን ደመና ምንም አላሉም። ልሄድና ላርም የበሩን እጀታ ያዝኩ። እሷ በግቢው ውስጥ የሻይ ትሪ ይዛ ስታልፍ በመስኮቱ አየችኝና ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። እጀታውን ለቀቅኩ።

ጥሩምባው ተነፋ፤ የጅምላ ነጋዴው ሳቅ ተሰማ። ሁለተኛ ተነፋ፤ የጂኦግራፊ መምህሩ ቀጭን ሳቅ ተጨመረ። አጎቴ የእንስራው ቦታ ላይ ተሸነፈ። አራት አዋቂ ሰዎች «ከበር ጀምር» ብለው በአንድ ድምፅ ሲጮኹ ሰማሁ።

ከዚያ የመጨረሻው በር መጣ። እዚያ የሚሆነው ይህ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ማማሰያውን ያነሳል፤ ግን ደክሞታል። ማማሰያውን ያወርድና ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጭራቁን «ቁርስ በልተሃል?» ይለዋል። ያንን ጭራቅ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ጭራቁ እርሾውን የወሰደው ራሱ ዳቦ ለመጋገር ነበር፤ እንዴት እንደሚጋገር ግን አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ማሰሮውን አቅፎ ተቀምጧል። አብረው ይጋግራሉ። ዳቦው ከነእንፋሎቱ በካሬ የተሠራ ነው። ጭራቁ አንዴ ይጎርስና ካሬ እንባ ያነባል። እኔ እዚህ ቦታ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ፤ ይህንንም በግድግዳው በኩል አለመስማታቸው እድል ነው።

ከግድግዳው ወዲያ የጂኦግራፊ መምህሩ የመጨረሻውን ንግግር ሲተረጉሙ ሰማሁ። አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

አሁን ነው፣ አልኩ። ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ። ድምፆች መጡ፣ ግን ዝቅ ያሉ ነበሩ። አንዴ አባቷ ረዘም አድርገው ተናገሩ። አንዴ እናቷ። አንዴ እሷ፣ አጭር። ከዚያ ወዲያው ክርክር ተነሳ። አጎቴ ሲያስረግጥ፣ ነጋዴው ሲያቋርጡት፣ አባቷ ወንበር ሲመቱ ይሰማኛል። ጉዳዬ እንደዚህ የሚያከራክር ከሆነ አለቀልኝ ብዬ ክራቫቴን ፈታሁ። ክርክሩ ቀጠለ። ጫማዬንም ፈታሁ።

በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ለምንድን ነው ባዶ እግርህን የሆንከው?»

«እምቢ አሉ?»

«ተፈቅዷል» አለች። «ፊልሙ እንዳለቀ ነው የተፈቀደው። አባዬ፣ ይህን አይቶ የማይስቅ ሰው ነው የሚያሰጋኝ አለ። እኔን ጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ። አለቀ።»

«ታዲያ ጩኸቱ ምንድን ነው?»

«የጭራቁ ነገር ነው። አባዬ ዳቦ ጋጋሪው ጭራቁን መካስ አለበት ይላል፣ በሩን ደጋግሞ ስለደበደበ። አጎትህ ደግሞ እርሾ የሰረቀ ነው የሚክሰው ይላሉ። ለአንተ መንገር ረስተዋል።»

እዚህ ላይ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ጌም ውስጥ ካሳ የሚታሰበው በሌላ መንገድ ነው። ጫማዬን በፍጥነት ማጥለቅ ጀመርኩ።

«የት ነው?» አለች።

«ላስረዳቸው።»

በሩ ላይ ቆመች፤ ንቅንቅ አላለችም።