የአባዬ ዘጠኝ ድምፅ

የምርጫው ውጤት የተለጠፈው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍነውታል፣ ላስቲኩ ውስጥ ግን ውሃ ገብቶ ቀለሙን አደብዝዞታል። አባዬ መነጽሩን በሹራቡ ጫፍ ጠርጎ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ማንበብ ያዘ። እሱ ሲያነብ ቀስ ብሎ ነው፤ እኔ ከኋላው ቆሜ ቀድሜው አየሁት። ከስሙ ትይዩ "9" ተብሎ ተጽፏል፤ አጠገቡ ደግሞ ማንም እንዳይሳሳት በፊደል "ዘጠኝ"።

አባዬ በዚያ ምርጫ የግል ዕጩ ነበር። ፓርላማ ይገባል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ያን ያህል አላሰበም። ሌላ ጣቢያ ዜሮ ቢያገኝ ግድ አይሰጠንም ነበር። ይህ ግን የእኛው ሰፈር ጣቢያ ነው። እዚህ ካርድ ያወጣው ሰው አብዛኛው የእድራችን አባል ነው፤ አባዬ ደግሞ የዚያ እድር ጸሐፊ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ።

እኛ ሰፈር የእድር ጸሐፊነት ቀልድ አይደለም። ጎጃሜው፣ ሸዌው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ የሚያዝነው በአንድ ድንኳን ስር ነው። ከቀብር መልስ አባዬ ድንኳኑ በር ላይ ይቆምና ያንን ትልቅ መዝገብ ገልጦ የአባላቱን ስም ይጠራል። የተጠራው "አለሁ" ይላል፤ ያላለ ይቀጣል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ስም አጠራር ያውቅበታል፤ የማንንም የአባት ስም አይውጥም። የራሱ ስም ላይ ሲደርስም ልክ እንደ ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራውና ራሱ "አለሁ!" ይላል። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ፈገግ ይላል። ሐዘንተኞቹ እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ሲስቁ አይቻለሁ።

ለምርጫ ያነሳሳው ውሃ ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ከመጣ ነው የሚመጣው። አንድ ለቅሶ ቤት እንግዳው እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቀርብለት አባዬ አየና በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናገረ። አንዱ ከኋላ "ጋሼ፣ ለምን ፓርላማ ገብተው አይነግሩልንም?" አለ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ቀልዱን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አውቆታል። አባዬ ግን ሰው ሲቀልድበት ዓይኑ አያይም። እኔ በንዴት ነደድኩ፣ "አባዬ፣ እየቀለዱ እኮ ነው" አልኩት። "ቢቀልዱስ፣ ውሃው ቀልድ ነው?" አለኝ።

ለግል ዕጩ የድጋፍ ፊርማ ይጠየቃል። ፎልደሩን በብብቱ ይዞ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ በእግሩ ዞረ። ከእድራችን አልፈርምም ያለው አንድ ሰው የለም። እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? አባዬ ፊቱ ቆሞ እስክሪብቶውን እያቀበለው! ከቀረቡለት ምልክቶች ባልዲ መረጠ፤ ለውሃ ከዚህ የተሻለ የለም ብሎ። በሥራ ቦታዬ፣ ጦር ኃይሎች ያለው ፋርማሲ ውስጥ፣ "ባልዲው እንዴት ነው?" እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እማዬ ደግሞ ምንም ሳትል ከሳች። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ምርጫ ማግስት፣ ታናሽ ወንድሟ ከቤት ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ምርጫ የሚል ቃል በሬዲዮ ከሰማች ድምፁን ትቀንሰዋለች።

ስለ ድምፅ መስጫው ቀን መናገር ይከብደኛል። ግን ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው።

ከሁለት ሰዓት በላይ ተሰልፌ መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። ረጅም ወረቀት ነው፣ ምልክቱ ብዙ ነው። አባዬን አሰብኩት። ከዚያ እንዲህ ስል አሰብኩ፤ የእድሩ ሰው ሁሉ ለእሱ ነው የሚሰጠው፣ የእኔ አንዷ ድምፅ ምን ትጨምርለታለች? እንዳትባክን ለሚያሸንፈው ልስጣት። ዓይኔ ባልዲዋን አልፈለጋትም። ያሸንፋል ያልኩት ላይ ምልክት አድርጌ፣ አጥፌ፣ ከተትኩ። ስወጣ አባዬ ከአጥሩ ውጪ ዛፍ ስር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ቀለም የነካውን ጣቴን አየና ፈገግ አለልኝ። እኔም ፈገግ አልኩለት። ያችን ፈገግታ ዛሬም ሳስታውሳት ፊቴን ያቃጥለኛል።

ውጤቱን ያነበብን ዕለት ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆመ።

"ዘጠኝ" አለ። "እኔ፣ እናትሽ፣ አንቺ፤ ሦስት። ስለዚህ ከጎረቤት ስድስት ሰው አለ ማለት ነው።" ጥቂት አሰበና "ስድስት ሰው ቀላል አይደለም" አለ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ብነግረው ጎረቤቱ ሰባት ይሆንለታል፣ ልጁን ግን ያጣታል። ይህን እያሰብኩ ቤት ደረስን።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ሊያጽናናው መጣ፤ ልክ እንደ ለቅሶ ሁለት ሁለት እየሆኑ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚለው፤ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ነው የሰጠሁት፣ ሌላው ምን እንደነካው እንጃ!" በአፍ የተሰጠው ድምፅ ቢቆጠር አባዬ ወንበሩን ብቻውን ሳይሆን ከነድንኳኑ ይወስደው ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትገዛ ፋርማሲ ስትመጣ እውነቱን ነገረችኝ። "ሌላው ይሰጣቸዋል ብዬ ነው እኮ፣ እህቴ" አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በእድር አንድ ሰው ከቀረ ስሙ ተጠርቶ ይታወቃል። መጋረጃው ውስጥ ግን የሚጠራን አልነበረም፤ እያንዳንዳችን ሌላው አለ ብለን ቀረን።

አባዬ ስድስቱን ሰዎች ለማወቅ ቆረጠ። ሊያመሰግናቸው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለውም። ማን እንደዋሸውና ማን እንዳልዋሸው እንዴት እንደሚለይ አልነገረንም፤ ብቻ በየቀኑ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፣ ከአንዱ ጋር ትንሽ ያወራል፣ ይመለሳል።

አንድ እሁድ ሦስታችን ምሳ እየበላን፣ ጎመኑን በእንጀራ እየጠቀለለ፣ እንደዋዛ ጠየቀን። "እኔ ምለው፣ ባልዲዋ ወረቀቱ ላይ ከላይ ነበረች ወይስ ከታች? ጠፋኝ እኮ።"

"ከላይ ናት" አለች እማዬ ቶሎ ብላ።

"አዎ፣ ከላይ" አልኩ እኔም። እማዬ ካለች ልክ ትሆናለች ብዬ ነው።

አባዬ ጉርሻውን አላመጠ። "ልክ ናችሁ፣ ከላይ ነበረች" አለ። ከዚያ ለእማዬ አንድ፣ ለእኔ አንድ አጎረሰን። ከምርጫው ወዲህ አጉርሶን አያውቅም ነበርና ኀዘኑ ቀለል አለለት ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት መታጠፊያው ላይ ይኖሩ የነበሩት አሮጊት አረፉ። ከቀብር መልስ አባዬ እንደወትሮው መዝገቡን ይዞ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ስም ጠራ፣ "አለሁ" ተባለ፣ ጠራ፣ "አለሁ" ተባለ። የራሱ ስም ላይ ደረሰ። ጮክ ብሎ ጠራው። ሰው ሁሉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። አባዬ ግን ገጹን እያየ ዝም አለ። ከረዥም ጊዜ በኋላ ከአግዳሚው አንድ ሰው "አሉ፣ ጋሼ፣ አሉ" አለ። አባዬ መዝገቡን ለምክትሉ አቀበለና ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። እጄን ያዘ።

በማግስቱ ከጸሐፊነቱ መልቀቁን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ጽፎ ላከ። መዝገቡ ለጊዜው እኛው ቤት ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ጋ መቀመጥ ተወ፣ ጋዜጣ መዋስ ተወ። የደም ግፊቱ ተነሳ፤ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራው እኔ፣ መድኃኒቱን የማመጣለት እኔ፣ የሚያስፈልገው ግን የእኔ መደርደሪያ ላይ አልነበረም። እማዬ ውሃ የምንቀዳበትን ሰማያዊ ባልዲ ከግቢው አንስታ ከቤቱ ጀርባ ደበቀችው። ውሃ በመጣ ቀን በጀሪካን ነበር የምንቀዳው።

አንድ ቀን ጓዳ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም እማዬ ከትሪው ላይ ቀና ሳትል "ያኔ እኔ አልሰጠሁትም" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ድምፁን ነዋ። ካሸነፈ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ወንድሜ ታወሰኝ። ሌላው ላይ አደረግኩት።" እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ። "ዘጠኝ ብቻ መሆኑን መች አወቅኩ? በመቶ የሚቆጠር ድምፅ ያገኛል፣ አንድ ላጉድልበት ብዬ እኮ ነው። በሞቴ እንዳትነግሪው። አንቺ እንኳ ሰጥተሽዋል፣ አንቺ ታጽናኚዋለሽ።"

አልሰጠሁትም አላልኳትም። የእኔ ምክንያት የእሷን ያህል እንኳ የሚያምር አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ ጠጠር ለቀምኩ። ለካ ከቤታችን ለአባዬ የሰጠው ራሱ አባዬ ብቻ ነው። ስድስት እያለ የሚፈልጋቸው ሰዎች ስምንት ናቸው፤ ይህንን ሊነግረው የሚችል ሰው ደግሞ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የለም ብዬ አመንኩ። እንዲህ እያመንኩ ክረምቱ ወጣ።

ከመስቀል በኋላ ከእድሩ ሁለት ሰዎች መዝገቡን ሊወስዱ መጡ። አዲስ ጸሐፊ ተመርጧል። ሳሎን አስቀምጬአቸው አባዬ ታሞ ወደተኛበት ክፍል ገባሁና መዝገቡን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። አቧራውን ስጠርግ የመጨረሻው ገጽ ተገለጠ። በአባዬ ጽሕፈት፣ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ የጎረቤቶች ስም ተጽፏል። ከላይ "ባልዲዋን ከታች ያገኙ" ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቁልቁል ቆጠርኩ። ስድስቱ በሰማያዊ ቀለም ተጽፈዋል። ሰባተኛው በጥቁር። ስምንተኛው በእርሳስ።

ሰባትና ስምንትን ደጋግሜ አየኋቸው። ጎመኑ፣ እሁዱ፣ ጉርሻው ትዝ አለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከአባዬ እግር አጠገብ ተቀመጥኩ። ነቅቶ ኖሯል። መዝገቡ የት ላይ እንደተገለጠ አየ፣ እኔንም አየኝ።

"አባዬ" አልኩት። እንባዬ ገጹ ላይ እንዳይወርድ መዝገቡን ራቅ አደረግኩት።

"ያችን ቅጠል ቀደድ አድርጊና መዝገቡን ስጫቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሰው እጅ ከገባች ስሞቹን ይቆጥሯቸዋል። በእናንተ ላይ ነገር ይመጣል።"

ቀደድኳት። አራት ቦታ አጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኳት። ሰዎቹ መዝገቡን ተቀብለው፣ "ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎ" ብለው ወጡ። እማዬ ከጓዳ እጇን እያደራረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ምን አገኛችሁ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሽው?" አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት አባዬ ከትራሱ ቀና አለ። ስም ሲጠራ በነበረበት ድምፅ፣ ከክረምቱ ወዲህ ባልሰማሁት ድምፅ ነው የመለሰላት።

"ስድስቱን ሰዎች አገኘኋቸው እኮ" አላት። "ስድስቱም ታወቁ። ልጅሽ ደስ ብሏት ነው።"

እማዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

"እግዜር ይስጣቸው" አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።