ፈቀቅ ይበሉ አባባ

ትናንት ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለው ማሳችን ዳር ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወጣት በፊልም የሚሠራ አሮጌ ካሜራ አንጠልጥላ መጣች።

«አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ መልክዓ ምድሩን ብቻ ነው የማነሳው» አለችኝ።

የካሜራው የቆዳ ማኅደር ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። ያኔ ከሞጣ የመጣ አንድ ፎቶ አንሺ ጎረቤቱን ሁሉ አንስቶ ባለ ቀለም ፊልሙ ለአንድ ፎቶ ብቻ ቀረው። በዚሁ ማሳ ጤፉ ደርሶ ቢጫ ሆኖ ነበር።

እናቴ አባቴን፣ «በል አንተ ሰውዬ፣ ጋቢህን አስተካክልና ቁም! አንድም ፎቶ የለህ» አለችው።

አባቴ ሳቀ። «እኔንማ ሁልጊዜ ታዩኝ የለም እንዴ? ነገ የሚታጨደው ጤፉ ነው፤ እሱን አንሳው» ብሎ ፎቶ አንሺውን አዘዘና ዞር አለ።

«ግትር!» አለችው እናቴ።

አባቴ የከርሞውን አጨዳ አላየም። ፎቶው ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ቢቀላም ጤፉ ዛላው ሳይቀር ይታያል። የአባቴ መልክ ግን እየጠፋብኝ ነው። ጢም ነበረው ወይ ብባል አልምልም።

«አባባ፣ ፀሐይዋ ሄደችብኝ እኮ!» አለች ልጅቱ።

«ፈቀቅ አልልም። ከፈለግሽ ከነጤፉ አንሺኝ።»

ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። እኔም ጋቢዬን አስተካከልኩ።